የካራቆሬ ካርታና የትእዛዝ መስመር ታሪክ

በ1953 ዓ.ም. በግንቦት ወር ማለቂያ፣ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት በይፋትና ጥሙጋ አውራጃ፣ ከአጣዬ አልፎ ወደ ከሚሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኘው ካራቆሬ ተከታትሎ በደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመታች። ከሁሉም የበረታው ለግንቦት 25 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ የደረሰው ሲሆን፣ ልኩ ወደ 6.5 የሚጠጋ ነበር። ጎረቤቷ ማጀቴ ፈረሰች፤ በካራቆሬም ብዙ ቤት ወደቀ፤ በቦርከና ሸለቆ ዳርቻ መሬቱ ተሰነጠቀ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውም መንገድ በናዳ ተጎዳ።

ይህን ያህል ጥፋት ያደረሰ ነገር በመጨረሻ የሚቀረው በአንድ ተርታ ቁጥር ነው። ከዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ እ.ኤ.አ. በ1957 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በዚያን ጊዜ ገና ለጋ ነበር። የኦብዘርቫቶሪው መሥራች ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዌን የኢትዮጵያንና የአፍሪካን ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ለብዙ ዓመታት ሲሰበስቡ ኖረው መጽሐፋቸውን በ1979 በኦታዋ አሳተሙ። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዓለም አቀፍ መዝገቦች ውስጥ የካራቆሬ ሌሊት ጁን 1 ቀን 1961፣ በግሪንዊች ሰዓት 23 ከ29፣ ሰሜን ኬክሮስ 10.4 ገደማ፣ ምሥራቅ ኬንትሮስ 39.9 ገደማ ተብሎ ተመዝግቧል። በአገሩ ሰዓት ግን ቀኑ ጁን 2 ሆኖ ነበር። ቀኑ ትክክል የሚሆነው በየትኛው ሰዓት እንደተቆጠረ ሲታወቅ ብቻ መሆኑን እዚህ ላይ ልብ ማለት ይጠቅማል፤ የሚከተለው ታሪክ በሙሉ የዚሁ ዓይነት ነውና።

ዛሬ አንድ መሐንዲስ ወይም ተመራማሪ ያንን ተርታ ቁጥር ወደ ካርታ ለመለወጥ ሲፈልግ ብዙውን ጊዜ ብዕርና ማስመሪያ አያነሣም። በኮምፒዩተር ላይ አንድ መስመር ትእዛዝ ይጽፋል፤ ወይም ብዙ እንዲህ ያሉ መስመሮችን ደርድሮ ስክሪፕት በሚባል ፋይል ያስቀምጣል። መስመሩ የራሱ ሰዋስው አለው። የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ግሡን ወደ መጨረሻ ስለሚያደርስ አድማጩ እስከ ማሰሪያው ድረስ በትዕግሥት ይጠብቃል። የትእዛዝ መስመር ግን ግሡን በመጀመሪያ ያስቀምጥና አማራጭ የሚባሉትን ቃላት ከኋላ ያስከትላል። ችግሩ የሚጀምረው አማራጩ በሆዱ ሌላ አማራጭ ሲይዝ፣ ያም ደግሞ ሦስተኛ ሲይዝ ነው። የውስጠኛው ቃል የማን ነው? የግሡ ነው ወይስ የአማራጩ? ይህን የሚወስነው ተንታኙ ነው፤ ተንታኙም ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ አይደለም።

የመጀመሪያው ተንታኝ ሼል የተባለው ትእዛዝ ተቀባይ ነው። ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላቦራቶሪ በ1969 በጀመሩት የዩኒክስ ሥርዓት ላይ፣ መጀመሪያ የቶምሰን ሼል፣ ኋላም በ1979 ከሰባተኛው የዩኒክስ እትም ጋር የወጣው የስቲቨን ቦርን ሼል ይህን ሥራ ይሠሩ ነበር። ሼሉ ቃልን ከቃል የሚለየው በክፍት ቦታ ነው። የግዕዝ ጽሕፈት ለዚህ ሥራ ሁለት ነጥብ ነበረው፤ በሁለት ነጥብ የሚጽፍ ጸሐፊ ቃሉ የት እንደሚያልቅ ለአንባቢው በግልጽ ያመለክታል። ክፍት ቦታ ግን አይታይም። የከተማዋ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዳንዱ አንድ ቃል፣ አንዳንዱ «ካራ» እና «ቆሬ» ብሎ ሁለት ቃል ያደርገዋል። ሁለት ቃል ሆኖ በተለዋዋጭ ውስጥ የተቀመጠው ስም ያለ ትእምርተ ጥቅስ ከተጠራ ሼሉ ለሁለት ይከፍለዋል። ካርታ ሠሪውም ፕሮግራም «ካራ»ን የካርታ ርእስ አድርጎ ይወስድና «ቆሬ»ን የፋይል ስም መስሎት ይፈልጋል፤ ፋይሉ አልተገኘም ብሎም ይመልሳል። ስሕተቱ የሚያስቅ ቢሆንም ቢያንስ ራሱን ያጋልጣል።

በዩኒክስ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አማራጭን በጭረት መጀመር ልማድ ሆኖ ነበር፤ ልማድ እንጂ ሕግ አልነበረም። እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ተንታኝ ይጽፍ ስለነበር አንዱ ጭረት ይጠይቃል፣ ሌላው አይጠይቅም፤ አንዱ ፊደሎችን አጣምሮ ይቀበላል፣ ሌላው አይቀበልም። ይህን ለማስተካከል በ1980 ጌትኦፕት የተባለው አጭር ተንታኝ ተሠራ፤ የኤ.ቲ.ኤንድ.ቲ. ኩባንያም በ1985 በዳላስ በተደረገው የዩኒፎረም ጉባኤ ላይ ለሁሉ በነፃ ለቀቀው። ለስክሪፕት ጸሐፊዎች የተዘጋጀው የመጀመሪያው ጌትኦፕት ክፍት ቦታ ያለበትን ቃል በትክክል መያዝ ስላልቻለ፣ በ1986 በስሙ ላይ አንዲት «ኤስ» የተጨመረችበት ምትክ በቦርን ሼል ውስጥ ገባ። የጌትኦፕት ሕግ ቀላል ነው፤ አንድ ፊደል አንድ አማራጭ ነው፣ አንዳንዱ ፊደል አንድ እሴት ያስከትላል፣ ሁለት ጭረት ብቻውን ሲቆም ደግሞ አማራጭ አበቃ ማለት ነው። አማራጭ በአማራጭ ውስጥ ሲታቀፍ ምን እንደሚደረግ ግን ሕጉ አይናገርም።

ይህ ዝምታ በኢትዮጵያ የስምጥ ሸለቆ ጥናት ላይ በቀጥታ የሚነካው ነገር አለ። በ1987 እና በ1988 ገደማ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የላሞንት ኦብዘርቫቶሪ ሁለት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ ፖል ቬሰልና ዋልተር ስሚዝ፣ ጄኔሪክ ማፒንግ ቱልስ፣ ባጭሩ ጂ.ኤም.ቲ. የተባለውን የካርታ መሣሪያ መሥራት ጀመሩ። በ1991 ለሳይንስ ኅብረተሰቡ አስተዋወቁት፤ ነፃም ስለነበር በዓለም ላይ ተዛመተ። ከዚያ ወዲህ ስለ ኢትዮጵያ ስምጥና ስለ አፋር በታተሙ ጥናቶች ውስጥ ከሚታዩት የመሬት መንቀጥቀጥ ካርታዎች ብዙዎቹ የተሣሉት በዚሁ ነው።

ቬሰልና ስሚዝ ጌትኦፕትን አልተጠቀሙም፤ የራሳቸውን ሰዋስው ፈጠሩ። የካርታው ክልል «አር» በሚለው ፊደል ይነገራል፤ ጭረት፣ ከዚያ «አር»፣ ከዚያም ያለ ክፍት ቦታ አራት ቁጥሮች በዝባዝ ሰረዝ ተለያይተው ይከተላሉ። ለይፋት ቆላና ለአካባቢው 39/41/8/12 ቢባል ምዕራብ፣ ምሥራቅ፣ ደቡብ፣ ሰሜን ማለት ነው። ከአራቱ ቁጥሮች በስተመጨረሻ የመደመር ምልክትና ትንሿ «አር» ከተጨመሩ ግን የቁጥሮቹ ትርጉም ይለወጣል፤ መጀመሪያ የታችኛው ግራ ማዕዘን፣ ቀጥሎ የላይኛው ቀኝ ማዕዘን ይሆናሉ፤ ስለዚህም 39/8/41/12 ተብሎ መጻፍ አለበት። አንባቢው አራቱን ቁጥሮች አንብቦ ከጨረሰ በኋላ፣ በመጨረሻዋ ፊደል ምክንያት ተመልሶ እንደገና ሊተረጉማቸው ነው። እዚህ ላይ የትእዛዝ መስመሩ እንደ አማርኛ ማሰሪያውን ወደ ኋላ አደረገ ለማለት ይቻላል። ትንሿ «አር» ብትረሳ ደቡቡ 41፣ ሰሜኑ 12 ስለሚሆን ፕሮግራሙ አልቀበልም ይላል።

በ«ጄ» የሚነገረው የካርታ አነሣስም እንዲሁ ነው። ከ«ጄ» ቀጥሎ ትልቁ «ኤም» ሲመጣ የመርካቶርን አነሣስ በተሰጠው የካርታ ስፋት፣ ትንሹ «ኤም» ሲመጣ ያንኑ አነሣስ በተሰጠው ሚዛን ይሥላል። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር ስለሌለው ይህ ልዩነት ላገሩ ተማሪ መጀመሪያ ላይ ባዕድ ሆኖ ይታየዋል። ከቀደመው መስመር የተነገረውን ክልል ለመድገም ደግሞ «አር»ን ያለ ቁጥር መጻፍ ይበቃል፤ ፕሮግራሙ የቀድሞውን ከማስታወሻ ፋይሉ ያነባል። ይህ «ከፍ ብሎ እንደተጠቀሰው» ከሚለው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አነጋገር ጋር ይመሳሰላል፤ ከፍ ብሎ የተጠቀሰው ምን እንደነበር ግን የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል።

አንድ ፊደልም በሁሉም ግሥ ሥር አንድ ትርጉም የለውም። «ጂ» ነጥብ በሚሥለው ትእዛዝ ውስጥ የቀለም ሙሌት ነው፤ ከተበታተኑ ልኬቶች የገጽታ መረብ በሚሠራው ትእዛዝ ውስጥ ደግሞ የውጤቱ ፋይል ስም ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንም። ካራቆሬ የሚባል ሰፈር በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳርቻም አለ፤ «ካራቆሬ ልሄድ ነው» የሚል ሰው ታክሲ ይዞ ይሁን ወይስ የደሴ አውቶቡስ ተሳፍሮ የሚታወቀው ስሙን ያቀፈው አገር ሲነገር ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ስሕተት ግን ድምፅ የሌለው ነው። ጂ.ኤም.ቲ. የነጥብ መረጃ ሲያነብ ኬንትሮስን ያስቀድማል። የመሬት መንቀጥቀጥ መዝገቦች አብዛኛውን ጊዜ ኬክሮስን ያስቀድማሉ። ይህን ለማስታረቅ ሠሪዎቹ ጭረትና ሁለት ነጥብ የሆነ አማራጭ አኖሩ፤ እሱ ሲጨመር ፕሮግራሙ ሁለቱን ዓምዶች ቦታ ያለዋውጣል። ነገር ግን አማራጩ የሚሠራው ለሚገባውና ለሚወጣው መረጃ ብቻ ነው። በትእዛዙ መስመር ላይ የተጻፉት፣ ለምሳሌ በ«አር» ውስጥ የታቀፉት ቁጥሮች፣ ሁለት ነጥቡ ኖረም አልኖረም ኬንትሮስን ያስቀድማሉ። በአንድ መስመር ላይ ሁለት ሥርዓት ጎን ለጎን ይኖራል ማለት ነው።

ሁለት ነጥቡ ሲረሳ ካራቆሬ ሰሜን ኬክሮስ 39.9፣ ምሥራቅ ኬንትሮስ 10.4 ላይ ትወድቃለች፤ ይህም ከሳርዲንያ ደሴት በስተምሥራቅ ከባሕር መካከል ነው። ነጥቧ ከካርታው ክልል ውጪ ስለሆነች አትሣልም፤ ፕሮግራሙም አይቃወምም። የፋይሉ ነጥቦች ሁሉ ቢጠፉ ባዶው ካርታ ስሕተቱን ባጋለጠው ነበር። አደጋው የሚመጣው ከሁለት ምንጮች የተቀዱ ተርታዎች በአንድ ፋይል ሲቀላቀሉ ነው። ኬንትሮስ የቀደመባቸው አዳዲሶቹ ክስተቶች በቦታቸው ይታያሉ፤ ኬክሮስ የቀደመባቸው የቀድሞዎቹ፣ የ1961 የካራቆሬ ሌሊት ጭምር፣ ሳይሰሙ ይጠፋሉ። ካርታው የተሟላ ይመስላል። በ1953 ዓ.ም. በይፋት ምድር ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ጉድለቱን የሚያይበት መንገድ የለውም።

ቬሰልና ስሚዝን በዚህ መውቀስ ግን ተገቢ አይሆንም። በዚያን ዘመን ትእዛዝ በእጅ በየጊዜው ይተየብ ስለነበር አጭርነት ቁም ነገር ነበር። ሒሳቡን የከፈለው ከእነርሱ በኋላ የመጣውና የሌላውን ሰው ስክሪፕት የወረሰው ነው። እነርሱና ተባባሪዎቻቸውም በ2013 በወጣው አምስተኛው እትም በአማራጮች ውስጥ የሚታቀፉትን ንዑሳን አማራጮች በመደመር ምልክት እንዲጀምሩ በማድረግ ሰዋስውን ይበልጥ ወጥ አድርገውታል።

የስክሪፕት ቋንቋዎች በበኩላቸው በሌላ መንገድ ሄዱ። ላሪ ዎል በ1987 ላወጣው ፐርል፣ ዮሐን ቭሮማንስ በ1990 ገደማ በሁለት ጭረት የሚጀምሩ ሙሉ ስሞችን የሚተነትን ክፍል ጻፈለት። ፓይተን ደግሞ በ2010 በወጣው 2.7 እትሙ አርግፓርስ የተባለውን ተንታኝ ተቀበለ። በአርግፓርስ እያንዳንዱ ንዑስ ትእዛዝ የራሱ ንዑስ ተንታኝ አለው፤ ስለዚህ የአንዱ «ጂ» ከሌላው «ጂ» ጋር አይጋጭም። ከደናክል ዝቅተኛ ቦታ ለሚነሣ ሰው የሚጠቅም ጥንቃቄም አለው፤ ከባሕር ጠለል በታች ያለ ከፍታ በጭረት ስለሚጀምር አማራጭ ይመስላል፣ ተንታኙ ግን ቁጥር የሚመስል አማራጭ እስካልተሰጠው ድረስ ቁጥር መሆኑን ያውቅለታል።

ይህም ሆኖ መታቀፍ ያመጣው ወጥመድ አልጠፋም። አንድ የአማራጭ ስም በዋናው ትእዛዝም በንዑሱም ከተመዘገበ፣ ተጠቃሚው በዋናው ላይ የሰጠውን እሴት የንዑሱ ነባሪ እሴት ሊሽረው ይችላል። ክልሉን 39/41/8/12 ብሎ ከግሡ በፊት ያዘዘ ሰው ንዑሱ ትእዛዝ በራሱ ነባሪ ክልል ካርታ ሲሥል ያገኘዋል። እዚህም ላይ አቤቱታ የሚያሰማ የለም። ልምድ ያላቸው ጸሐፊዎች ለንዑሱ ነባሪ እሴት ጨርሶ ባለመስጠት፣ ወይም ለሁለቱ የተለያየ ስም በማውጣት ያመልጣሉ።

በ1976 ፒየር ጉዌን ያወጡት የኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ክልሎች ካርታ፣ በ1983 እና በ1995 የወጡት የሕንጻ ሥራ ደንቦች፣ በ2015 የወጣውም ስታንዳርድ መነሻቸው ያው የመዝገብ ተርታ ነው። የ1995ቱ በ100 ዓመት፣ የ2015ቱ በ475 ዓመት የመመለሻ ዘመን ተሰልቷል። በመዝገብ ውስጥ ጥቂት ታላላቅ ክስተቶች ብቻ ባሉበት አገር የአንዷ ተርታ መጥፋት በአምድና በወጋግራ ልክ የሚገለጽ ልዩነት ሊያመጣ ይችላል።

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት ደጋግሞ በተንቀጠቀጠና ንውጽውጽታው እስከ አዲስ አበባ በተሰማ ጊዜ አዳዲስ ካርታዎች በብዛት ተሣሉ። ፈንታሌ ከ9ኛው የሰሜን ኬክሮስ መስመር ጥቂት ወደ ደቡብ ዝቅ ይላል። የክልሉን ደቡባዊ ድንበር 9 ብሎ የጻፈ ሰው ፈንታሌን ያጣዋል፤ 8 ብሎ የጻፈ ፈንታሌንና ካራቆሬን በአንድ ካርታ ላይ ያገኛል። በ2013 በወጣው አምስተኛው የጂ.ኤም.ቲ. እትም ትእዛዛቱ ሁሉ በአንድ ዋና ግሥ ሥር ንዑስ ትእዛዝ ሆነው ተሰብስበዋል፤ በፓይተን ለሚሠሩም ፓይጂኤምቲ የተባለው አቀራረብ «አር» በሚለው ፈንታ «ክልል» የሚል ሙሉ ቃል በእንግሊዝኛ ያስጽፋል። በዚያ ቃል ውስጥ የሚታቀፉት አራት ቁጥሮች ግን ዛሬም ከምዕራብ ይጀምራሉ፤ ጭረትና ሁለት ነጥብም አይነካቸውም።