የዲፕግሪን ሌን 43 ቁጥር ቤት

የአንድ ቤት የሽያጭ ታሪክ ቢጻፍ ሦስት መስመር አይሞላም፤ ሠሪው ለእከሌ ሸጠ፣ እከሌም ለሌላው ሸጠ፣ አለቀ። እኛ ግን በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬንያ የሚገኝ አንድ ተራ ቤት ሁለተኛ ጊዜ ሲሸጥ ፖሊስ ያዘመተበትን ታሪክ ልናወጋ ነው።

ሰፈሩ ሌቪታውን ይባላል። የሌቪት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1952 ከፊላደልፊያ ወጣ ብሎ በእርሻ መሬት ላይ ይሠራው ጀመር፤ በ1958 ሲጨርስ 17,311 ቤቶች ቆመው ነበር። አሠራሩ የፋብሪካ ነው፤ ብቻ እዚህ ዕቃው ቆሞ ሠራተኛው ይዞራል። አንዱ ቡድን መሠረት ጥሎ ያልፋል፣ ሌላው ግድግዳ ያቆማል፣ ሌላው ቀለም ይቀባል። በየክፍሉ ያሉት መንገዶች ስማቸው የሚጀምረው በክፍሉ ስም የመጀመሪያ ፊደል ነው፤ ዲፕግሪን ሌንም ያለው ዶግውድ ሆሎ በተባለው ክፍል ነው። አጥር ማጠር ክልክል ነበር። (አጥር ለለመደ ሰው ይህ ራሱ ጉድ ነው።)

አጥሩስ ነበር፣ ግን ለዓይን አይታይም። ሌቪት ለጥቁር አይሸጥም። እ.ኤ.አ. በ1947 በሎንግ አይላንድ በተጀመረው በፊተኛው ሌቪታውን፣ ውሉ ራሱ ከቤት ሠራተኛ በቀር ነጭ ያልሆነ ሰው በቤቱ እንዳይኖር ይከለክል ነበር። በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች ሊያስፈጽሙት አይችሉም ብሎ ወሰነ። ታዲያ ምን ተለወጠ? ክልከላው ከወረቀቱ ወጥቶ በሻጩ አፍ ገባ። ዊልያም ሌቪት፣ እኔ የምፈታው የቤት ችግር ነው፣ የዘሩን ችግር አብሬ ልፈታው አልችልም ባይ ነበር።

ነገር ግን አንድ ቀዳዳ ቀርታለች፤ ሌቪት የሚያዝዘው በመጀመሪያው ሽያጭ ላይ ነው እንጂ በሁለተኛው ላይ አይደለም። የ43 ቁጥሩ ባለቤት ቤቱን በ12,150 ዶላር ለዊልያምና ለዴዚ ማየርስ ሸጠ። ባልየው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የዘመተ፣ ሚስትየው መምህርት፣ ሦስት ልጆች ያሏቸው ጥቁሮች ናቸው።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 13 ቀን 1957 ገቡ። ወሬውን በየደጃፉ ያዳረሰው ፖስታ አዳዩ ነው። ሲመሽ ሕዝቡ ግር ብሎ ወጣ፤ ትልቁ የሳሎን መስታወት በድንጋይ ተሰበረ። እንዲህ ያለው ሁከት ለሳምንታት ቀጠለ። አንድ ፖሊስ በድንጋይ ተመትቶ ወደቀ፤ የክፍለ ግዛቱ ገዢ ጆርጅ ሊደር ፖሊስ ላከ። አሳዳጆቹ ከማየርስ ቤት በስተጀርባ ባለ ቤት ተሰባስበው የደቡቡን የባሪያ አሳዳሪዎች ባንዲራ ሰቀሉ። ጎረቤታቸው ዌክስለሮች፣ ነጮች ሆነው ሳሉ ወዳጅነታቸውን ስላልሸሸጉ፣ ግድግዳቸው ላይ የኩ ክለክስ ክላን ፊደላት ተጻፈባቸው።

ያ ሁሉ ሰው ምን ነካው? ከብዙዎቹ አፍ የምንሰማው መልስ አንድ ነው፤ ‹‹የቤቴ ዋጋ ይወድቃል።›› ነገሩ ለወዝ አደሩ ቀላል አይደለም፤ ያለው ሀብት ያው በብድር የገዛው ቤት ነው። ይሁን እንጂ ሰበቡን እንዳለ አንቀበለውም። ይህን ስሌት ሕዝቡ ከራሱ አላመነጨውም። የቤት ብድር የሚያስተማምነው የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1938 መመሪያው፣ የዘር መቀላቀል ሰፈርን ያዋርዳል፣ ዘርን የሚለይ ውልም ይበጃል ብሎ ጽፎ ነበር። ስለዚህ ፍርሃቱ መጀመሪያ በቢሮ ተጽፎ፣ ኋላ በድንጋይ ተወረወረ።

የክፍለ ግዛቱ ዐቃቤ ሕግ አሳዳጆቹን ከሰሰ፤ በ1957 መከር ፍርድ ቤት እግድ አወጣ፣ በ1958ም አጸናው። ማየርሶች አራት ዓመት ያህል ኖረው በ1961 ሰፈሩን ለቀቁ። በሽያጭም ሆነ በኪራይ ዘር መለየትን የከለከለው የፌዴራል ሕግ የወጣው በ1968 ነው።

በ1999 የብሪስቶል ታውንሺፕ ከንቲባ ወይዘሮ ዴዚን ጋብዞ ይቅርታ ጠየቃቸው። ባለቤታቸው ግን ያን ለመስማት አልደረሱም።