ሹፌሩን ከስሶ ራሱን ነጻ ያወጣ ከተሜ

ኤችአይቪ በኢትዮጵያ መኖሩን የሚያመለክት የመጀመሪያ ማስረጃ የተገኘው በ1984፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት ደግሞ በ1986 ነበር (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በ1988 በዋና ዋና የንግድ መንገዶች በተካሄደ ጥናት ከሴተኛ አዳሪዎች 17 በመቶ፣ ከረጅም ርቀት የከባድ መኪና ሹፌሮች 13 በመቶ ያህሉ ቫይረሱ ተገኘባቸው።

ቁጥሩ እውነት ነበር፤ ከቁጥሩ የተቀሰመው ትምህርት ግን ጠማማ ነበር። ከተሜው በሽታውን የሹፌርና የወታደር ጣጣ አድርጎ ቈጠረው። ሹፌሩ ለአደጋ የተጋለጠው መሪ በመጨበጡ አልነበረም፤ ለሳምንታት ከቤቱ ርቆ በየቡና ቤቱ ያለ ኮንዶም በማደሩ እንጂ። በዚያው ቡና ቤት እንደዚያው ያደረ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ ነጋዴ ወይም መምህርም ያው አደጋ ነበረበት። ልዩነቱ እርሱን «ተጋላጭ» ብሎ የሚጠራው አለመኖሩ ነው፤ ስለዚህም ኮንዶም ለእርሱ የሌላ ሰው ዕቃ ሆኖ ቀረ። ውጤቱ በ1990ዎቹ አጋማሽ ታየ፦ በአዲስ አበባ ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ ከሄዱ እናቶች መካከል ከ10 ከ1 የሚበልጡት ቫይረሱ በደማቸው ተገኘ። ብሔራዊ ፖሊሲ የወጣው ግን በ1998 ነው።

በእነዚያው ዓመታት ታይላንድም ተመሳሳይ ፈተና ገጥሟት ነበር። በዚያም በሽታው በመጀመሪያ የታሰበው ከወንድ ጋር ግንኙነት ያላቸው ወንዶችና ዕፅ በመርፌ የሚወስዱ ሰዎች ጉዳይ ተደርጎ ነበር። ይሁንና ሠራዊቱ ከ1989 ጀምሮ ምልምል ወጣቶችን ሲመረምር በሽታው ተራውን ገበሬና ሠራተኛ ጭምር ማዳረሱ ገሃድ ወጣ፤ በ1993 ከምልምሎቹ 4 በመቶ ያህሉ ቫይረሱ ነበረባቸው። መንግሥት ግን ከ1991 ጀምሮ የወንዶችን ማንነት መዘርዘር ትቶ፣ በየሴተኛ አዳሪ ቤቱ ደንበኛው ወታደርም ይሁን ዳኛ ያለ ኮንዶም እንዳይስተናገድ በመላ አገሪቱ አዝዞ ነበር። በ1989 በእነዚህ ቤቶች 14 በመቶ የነበረው የኮንዶም አጠቃቀም በ1993 ከ90 በመቶ በላይ ሆነ፤ በአሥር ዓመቱ መጨረሻ በምልምሎቹ መካከል የነበረው ሥርጭትም ከ2 በመቶ በታች ወረደ።

ለቫይረሱ ማዕረግም ሙያም ምኑም አይደለም። አንድን ወገን «ተጋላጭ» ብሎ መለየት ምርመራውንና ኮንዶሙን ወደሚያስፈልግበት ለማድረስ ሲውል ይጠቅማል፤ የቀረነውን ንጹሕ ለማድረግ ሲውል ግን ይገድላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ በሽታውን በሰው ላይ ያላከከም እንዲሁ ነው።