የኤሊ ጫጩት ስትታመም በአጋርፋ ብርድ መጀመሪያ ምን ይደረግ?

#ጠቃሚ_መረጃ #አጋርፋ #ባሌ

አፍንጫዋ አረፋ የሚያወጣ፣ ዓይኗን ጨፍና የምትውል፣ ቅጠል ቢቀርብላት ዞር ብላ የማታይ ትንሽ ኤሊ ቤታችሁ ካለች ይህ መረጃ ለእናንተ ነው።

ዋናውን አስቀድመን እንናገር፦ መጀመሪያ የሚያስፈልጋት ሙቀት ነው። ስለ መድኃኒት የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። በየከብት መድኃኒት ቤቱ የሚሸጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ደግሞ ጭራሽ ይገድሏታል።

👉 ደጋ ላይ ለምን ትታመማለች?

በኦሮምኛ "ቆጫ" የምትባለው፣ ጀርባዋ እንደ ነብር ዥንጉርጉር የሆነችው ትልቋ የየብስ ኤሊ የቆላ እንስሳ ናት። ሳይንሳዊ ስሟ ስቲግሞኬሊስ ፓርዳሊስ ይባላል። በአገራችን በስምጥ ሸለቆና በደቡብና በምሥራቅ ቆላማ አካባቢዎች ትኖራለች። ስትፈለፈል ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነች፤ መዳፍ ላይ ትቀመጣለች። ስታድግ ግን ከ20 ኪሎ በላይ ልትመዝን፣ ከ50 ዓመት በላይም ልትኖር ትችላለች።

አጋርፋ፣ ሮቤና ጎባ ደግሞ ደጋ ናቸው። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ሰውም ከብትም ሰውነቱ ራሱ ሙቀት ያመነጫል፤ የኤሊ ሰውነት ግን እንደዚያ አይሠራም። አካባቢዋ ሲቀዘቅዝ እሷም አብራ ትቀዘቅዛለች። ስትቀዘቅዝ የበላችው አይፈጭም፣ በሽታ የመከላከል አቅሟም ይደክማል።

በዚህ ላይ ኤሊ እንደኛ ዲያፍራም የሚባለው ጡንቻ ስለሌላት በደንብ ማሳል አትችልም። ሳንባዋ ውስጥ የገባ አክታ እዚያው ይከማቻል። ለእኛ ቀላል የሚመስለን ጉንፋን እሷ ላይ ቶሎ ወደ ሳንባ ምች የሚለወጠው ለዚህ ነው።

👉 ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

▪️ የአፍንጫ ፈሳሽ ወይም አረፋ
▪️ አንገትን ዘርግቶ፣ አፍን ከፍቶ መተንፈስ፣ ሲር ሲር የሚል ድምፅ
▪️ ያበጠ ወይም የተጣበቀ ዓይን
▪️ ወደ ውስጥ የገባ ዓይን (ይህ የውሃ ጥም ምልክት ነው)
▪️ ምግብ መተው፣ የእግር መልፈስፈስ
▪️ ከሽንት ጋር የሚወጣው ነጭ ነገር እንደ አሸዋ ሸካራ መሆን (ጤነኛ ስትሆን ልስልስ ነው)

አንድ ቀን ብቻ ሳትበላ ብትውል አትደንግጡ። አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ ግን የሐኪም ጉዳይ ነው፤ ነገ ዛሬ አትበሉ።

👉 1ኛ፦ ሙቀት

በጋቢ መጠቅለል አያሞቃትም። ልብስ የሚያቆየው ሰውነት ያመነጨውን ሙቀት ነው፤ እሷ ደግሞ አታመነጭም። ሙቀቱ ከውጭ መምጣት አለበት።

▪️ ሰፋ ያለ ካርቶን አዘጋጁ። ታችኛው ላይ ጋዜጣ አንጥፉ።
▪️ በአንዱ ጫፍ በኩል የድሮውን ቢጫ አምፖል (40 ወይም 60 ዋት) ከላይ አንጠልጥሉ። ኤል ኢ ዲ የሚባለው አዲሱ አምፖል ብርሃን እንጂ በቂ ሙቀት የለውም። አምፖሉ ካርቶኑንም ኤሊዋንም እንዳይነካ፤ እሳት ያስነሳል።
▪️ ከአምፖሉ ሥር ያለው ቦታ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይድረስ። ሌላኛው ጫፍ ቀዝቀዝ ይበል፤ ሲሞቃት ራሷ ሄዳ ትቀመጣለች። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የክፍል ቴርሞሜትር ይበቃል።
▪️ ታማ እያለች ሌሊትም ከ25 ዲግሪ በታች እንዳትወርድ ሞክሩ።

መብራት ከጠፋስ? በሃይላንድ ፕላስቲክ ሙቅ ውሃ (የፈላ አይደለም) ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አጠገቧ አስቀምጡ። ሲቀዘቅዝ ቀይሩት። ከሰል ማንደጃ አጠገብ ግን አታስቀምጧት፤ ጭሱ የታመመ ሳንባዋን ይጎዳል፣ ለእናንተም አደገኛ ነው።

👉 2ኛ፦ ውሃ

ብዙ ጫጩት የሚሞተው ከውሃ እጥረት ነው። ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ለብ ያለ ውሃ አድርጉ፤ የሕፃን ገላ እንደምትለኩት በክንዳችሁ ለኩት። ውሃው ከአገጯ አይለፍ። በቀን አንድ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ታስቀምጧታላችሁ፤ ትጠጣለች፣ ትጸዳዳለች። ከዚያ አድርቃችሁ ወደ ሙቀቱ መልሷት። ብቻዋን ትታችሁ እንዳትሄዱ፤ ከተገለበጠች ትሰጥማለች።

👉 3ኛ፦ ምግብ

ገና ቀዝቃዛ ሳለች በግድ አታጉርሷት፤ የማይፈጭ ምግብ ሆዷ ውስጥ ይበላሻል። ከሞቀችና ውሃ ካገኘች በኋላ ብዙ ጊዜ የምግብ ፍላጎቷ ራሱ ይመለሳል።

የምትበላው ሣርና ቅጠል ነው። ለጋ ሣር፣ ማገጥ፣ እሾሁ የተላጠ የበለስ ቁልቋል ይስማማታል። መድኃኒት ከተረጨ ማሳ ዳር አትልቀሙ፤ አጋርፋ የስንዴ አገር ስለሆነ ፀረ አረም የተረጨበት ብዙ ነው። ጎመን አልፎ አልፎ ይሁን። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ወተትና ሥጋ አይሰጥም።

👉 4ኛ፦ ፀሐይ

ቅርፊቷ እንዲጠነክር ካልሲየምና የፀሐይ ጨረር ያስፈልጋታል። በመስኮት መስታወት የሚገባ ፀሐይ አይጠቅማትም፤ ጠቃሚውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። ከሰዓት በፊት ንፋስ በሌለበት ደጅ አውጧት፤ ግማሹ ጥላ ይሁን። ውሻ፣ ድመትና ቁራ እንዳይነጥቋት አጠገቧ ሁኑ። ለካልሲየም የተቀቀለ እንቁላል ቅርፊት አድርቃችሁ፣ እንደ ዱቄት ፈጭታችሁ ቅጠሏ ላይ በትንሹ ነስንሱ።

❌ እነዚህን በፍጹም!

▪️ አይቨርሜክቲን። ለከብትና ለበግ የጥገኛ ትል የሚሰጠው መድኃኒት ኤሊን ሽባ አድርጎ ይገድላል። "ትንሽ ጠብታ ምን ታደርጋለች?" አይባልም።
▪️ የሰው አንቲባዮቲክ በጥብጦ ማጠጣት። ሆዷ ውስጥ ሣር የሚፈጩላትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይጨርሳል።
▪️ በግምት ቫይታሚን ኤ ማስወጋት። ሲበዛ ቆዳዋን ይልጠዋል።
▪️ የከብት መዥገር መድኃኒት መርጨት። መዥገር ካለባት በወረንጦ ከሥሩ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ንቀሉና ግደሉት።

መዥገሩን በቀላሉ አትዩት። ከዚህች ኤሊ ጋር የሚጓዙ አንዳንድ መዥገሮች ሃርትዎተር የተባለውን ከብት፣ በግና ፍየል የሚገድል በሽታ ያስተላልፋሉ። አሜሪካ በ2000 እ.ኤ.አ. ይህችን ኤሊ ወደ አገሯ እንዳትገባ የከለከለችው በዚሁ ስጋት ነው። ከብት በሚረባበት ወረዳ ከቆላ ኤሊ ማምጣት የጎረቤትንም በረት የሚነካ ጉዳይ ነው።

🧼 ለቤተሰብም፦ ኤሊ ጤነኛ ሆና እንኳ ሳልሞኔላ ልትይዝ ትችላለች። ከነካችኋት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ባይነኳት ይመረጣል። የምትታጠብበት ሳህን ወደ ማዕድ ቤት አይመለስ።

👉 ሐኪም ጋር ስትሄዱ

ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ክብደቷን በግራም ንገሩት። የወርቅ ቤት ወይም የቅመም ሚዛን ይበቃል። የ50 ግራም ኤሊ የአንድ ኪሎ 20ኛ ናት፤ እንደ በግ ታስቦ የሚሰጥ መርፌ ይገድላታል። የፎቶና የቪዲዮ ማስረጃ ያዙ፤ በተለይ አተነፋፈሷን ቅረጹ። ከዚያ በላይ እርዳታ ካስፈለገ ቢሾፍቱ ያለውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ መጠየቅ ይቻላል። ቤት ስትመለሱም በየሳምንቱ መዝኗት፤ ከክብደቷ አንድ አሥረኛው ከቀነሰ አስቸኳይ ነው።

👉 ከዳነችስ?

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። በአገራችን ሕግ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ይዞ ማቆየት ክልክል ነው። ይህች ኤሊ በዓለም አቀፉ የሳይተስ ስምምነት 2ኛ ሠንጠረዥ የተመዘገበች ናት፤ ኢትዮጵያም ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት።

አጋርፋ ዳር ወስዶ መልቀቅም መፍትሔ አይሆንም፤ ብርዱ መልሶ ይጥላታል። ዛሬ ከመንገድ ያነሳችኋት ጤነኛ ከሆነች እዚያው ያገኛችሁበት ቦታ መልሷት። ቤት የቆየችና የታመመች ከሆነች ግን በሽታዋን ለዱር ኤሊዎች ልታስተላልፍ ስለምትችል፣ ከመልቀቃችሁ በፊት ዲንሾ የሚገኘውን የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ወይም የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን አማክሩ።

ቆላ ስትወርዱ መንገድ ዳር የኤሊ ጫጩት "ግዙኝ" ብሎ የሚያቀርብ ልጅ ቢያጋጥማችሁ አዝናችሁም ቢሆን አትግዙ። አንዷን ስትገዙ ነገ ሌላ ይለቅማል። ደጋ ላይ የምትታመም ኤሊ ታሪኳ የሚጀምረው ከዚያች ግዢ ነው።

ቤቱ ኤሊ ያለውን ሰው የምታውቁ ከሆነ ይህን አድርሱለት። 🐢