ባሌስትራ የተጨመረበት ፒክአፕና የፍሬኑ ነገር

በሶደሬና በአዋሽ መልካሳ ዙሪያ በአዋሽ መስኖ የሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም ወደ አዳማ ገበያ የሚጓዘው በአይሱዙ ብቻ አይደለም፤ ፒክአፕም ድርሻ አለው። የቶዮታ ሃይሉክስ የመጫን አቅም በየሥሪቱ ቢለያይም ወደ 10 ኩንታል ይጠጋል። ተሳፋሪዎችም ከዚሁ ላይ ይታሰባሉ፤ አራት ሰዎች ጋቢና ከገቡ ሦስት ኩንታል ያህሉ ሄደ ማለት ነው።

ጭነት ሲበዛ የመኪናው ጀርባ እንዳይወርድ ባለንብረቶች ተጨማሪ የባሌስትራ ብረት ያስገባሉ። ይህ ጀርባውን ከፍ ያደርጋል እንጂ የፍሬኑን፣ የአክስሉንና የጎማውን አቅም አያሳድግም።

ብዙም የማይነገረው ጉዳት ግን ሌላ ነው። በበርካታ የሃይሉክስ ሥሪቶች ከኋላ አክስል ጋር የተያያዘ፣ የጭነቱን መጠን የሚለይ የፍሬን ቫልቭ አለ። ቫልቩ ክብደትን የሚያውቀው በሻንሲውና በአክስሉ መካከል ባለው ርቀት ነው፤ ርቀቱ ሲጠብ ለኋላ ጎማዎች የሚደርሰውን የፍሬን ኃይል ይጨምራል። ባሌስትራው ከጠነከረ ርቀቱ እንደሚገባው አይጠብም፤ ቫልቩም የተጫነውን መኪና እንደ ባዶ ይቆጥረዋል። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት አሰላ ወደ አዋሽ መልካሳ ሲወረድ ሸክሙ በፊት ፍሬን ላይ ያርፋል፤ ፍሬኑም ይግላል፣ የመያዝ ኃይሉም ይደክማል። ስለዚህ ባሌስትራ ሲጨመር ቫልቩም አብሮ መስተካከል አለበት። «አያስፈልግም» የሚል መካኒክ ካጋጠመ ሌላ ጋራዥ መፈለግ ይሻላል።

ቁልቁለቱንም በከባድ ማርሽ መውረድ ፍሬኑን ያሳርፋል። በአጨዳ ወቅት ደግሞ ገለባ የራዲያተሩን ፊት ስለሚደፍን በየጊዜው ማጽዳት ያስፈልጋል፤ ሞተሩ ሳይበርድ ክዳኑን መክፈት ግን በፈላ ውኃ ያቃጥላል።