በር ጠባቂ ያላየው ሲራራ



ሐረር፣ ጊዲር መጋላ ላይ ቁሙ። በሐረሪ ቋንቋ ትልቁ ገበያ ማለት ነው። የሐረሩ አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የከተማዋን ግንብ፣ ጀጎልን፣ ካስገነቡ ወዲህ በ5ቱ በሮች ስንቱ ሲራራ ገባ! ቡናው፣ ጨዉ፣ ጨርቁ። ማታ በሩ ይዘጋ ነበርና ነጋዴው ሳይመሽበት ለመድረስ ግመሉን ያጣድፍ ነበር። እኔ የማወጋችሁ ግን በር ጠባቂ ስላላየው፣ ቀረጥም ስላልተጠየቀ ሲራራ ነው።

ቢራቢሮ ናት። ክንፏ ብርቱካንማ፣ ጫፉ ጥቁር፣ በጥቁሩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ። ፈረንጆች የተኳለች እመቤት ብለው ሰይመዋታል። ግማሽ ግራም አትሞላም። ይህቺው ናት እንግዲህ አውሮፓ ሲበርድ ተነሥታ ባሕሩን የምትሻገር፣ ሰሃራን የምታቋርጥ።

አውሮፓውያን ብርዱን እንደማትችል ያውቁ ነበር። ወዴት እንደምትገባ ግን ለረጅም ዘመን እንቆቅልሽ ሆነባቸው። ጄራርድ ታላቬራና ሮጀር ቪላ የተባሉ ተመራማሪዎች ፍለጋ ወጡ። ቤኒንን፣ ቡርኪና ፋሶን፣ ቻድንና የእኛን ደጋ አሰሱ። ምን ቢያገኙ ጥሩ ነው? ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ይልቁንም በጥቅምት፣ ቢራቢሮዋ በገፍ ሰፍራ፣ እንቁላል ጥላ፣ አባጨጓሬዋ ቅጠል ስትበላ! የእኛ ክረምት ወጥቶ ምድሩ ሲለመልም፣ አደይ ሲፈነዳ፣ እሷም ለመውለድ ትደርሳለች።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ የለ? የዚህቺ እንቁላል በክንፉ ይሄዳል። አንዲቷ ቢራቢሮ ጥቂት ሳምንት ኖራ ትሞታለች፤ ልጅ ካቆመችበት ትነሣለች፤ የልጅ ልጅ ትቀጥላለች። ደርሶ መልሱ ከ12,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ መንገዱን ሁሉ የጨረሰች አንዲት እንኳ የለችም። መንገዱ የትውልድ ነው። አንዱ ትውልድ ስንቅ ካጣ የሚቀጥለው አይነሣም።

ስንቋስ ምንድን ነው? አባጨጓሬዋ እንደ ኮሸሽላና እንደ ልት ያለውን ትበላለች። ገበሬው አረም ብሎ የሚነቅለውን፣ በማሳ ዳርና በመንገድ ጥግ የሚበቅለውን። ያ ደግሞ ዝናብ ይፈልጋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በሰሃራ ደቡብ ዳርቻ ያለው ሣር ምድር በለመለመበት ዓመት፣ ነፋሱም ሲያግዝ፣ አውሮፓ የሚደርሰው ቢራቢሮ ይበዛል። ዝናቡ ሲያንስ እሱም ያንሳል። በአፍሪካ የዘነበው በአውሮፓ ሜዳ ላይ ይቆጠራል ማለት ነው።

አሁን ከጀጎል ውጡና ወደ ሐረማያ ሐይቅ ልውሰዳችሁ። ሐይቁ የሐረርን ከተማ ያጠጣ ነበር። የውኃ ሞተሩ ለጫትና ለአትክልት ቀዳው፤ የተራቆተው ተዳፋት አፈሩን አምጥቶ ሞላው፤ ከተማውም ጠጣው። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ደረቀ። የሐረር ሰው ጄሪካን ተሸክሞ ውኃ ፈለገ፤ ኋላም ከድሬዳዋ በኩል በቧንቧ መጣለት። ከዓመታት በኋላ ሐይቁ ዳግም ውኃ ቋጠረ፤ እሰየው! ግን ልብ በሉ፤ ሐይቅ ሲደርቅ አገር ያያል፤ አገር ይጮኻል። የማሳ ዳር ኮሸሽላ ሲመነጠር ማን ያለቅሳል? ጫቱ እስከ ጥጉ ተተክሎ ፀረ ተባይ ሲረጭበት፣ ከተባዩ ጋር የሞተችውን አባጨጓሬ ማን ይቆጥራል?

ገበሬውን አልወቅስም። ጫቱ የልጆቹ ጉርስ ነው፤ መሬቱም ጠባብ ነው። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ከማሳው ዳር አንድ ስንዝር ይተው፤ መድኃኒት ሳይደርስበት፣ ማረሻ ሳይነካው፣ ቢያንስ ከመስከረም እስከ ኅዳር።

ሐረር እንግዳ ተቀብላ፣ አብልታ፣ ስንቅ ቋጥራ ትሸኝ የነበረች ከተማ ናት። የዚህ ሲራራ በር ግንብ ላይ የለም። በሩ ያ ስንዝር ነው፤ ማታም አይዘጋ።