የካሜራ ስንቅ በወለጋ መንገድ

በምዕራብ ወለጋ፣ ቢላ ያለችበትን የቦጂን ምድር ታሪክ የሚጽፍ ሰው፣ በ19ኛው ምዕት ዓመት መገባደጃ በስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ተልከው የመጡትን ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤልን ሳያነሣ አያልፍም፤ እኔ ደግሞ በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1899፣ ቫልደማር ዩንግነር የተባለ ስዊድናዊ ኒኬልንና ካድሚየምን አዋሕዶ ተመልሶ የሚሞላ ባትሪ መሥራቱን አያይዤ አስባለሁ፤ ከአንድ አገር ከወጡት ከእነዚህ ሁለት ነገሮች ግን ሚስዮኑ በእግርና በበቅሎ ፈጥኖ ሲደርስ ባትሪው ቪዲዮ እስኪፈለሰፍ ድረስ ዘግይቷል።

ከቪዲዮ በፊት ከነበሩት የፊልም ካሜራዎች ብዙዎቹ ባትሪ አይሹም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣው የስዊስ ቦሌክስ፣ ምንጩ በእጅ ተጠምዝዞ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይሠራ ስለ ነበር፣ ከመብራት ርቆ ለሚጓዝ ሰው ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አልተገኘም ብል አላጋነንሁም። መከራው የመጣው ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1967 በትከሻ የሚንጠለጠለውን የቪዲዮ መቅረጫ ካወጣ ወዲህ ነው፤ ምስሉም፣ ክሩን የሚያዞረው ሞተርም ያለ ኤሌክትሪክ ከንቱ ናቸውና። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የፊንጫ ማመንጫም እ.ኤ.አ. በ1973 በዚያው በወለጋ ምድር ተርባይኑን አዞረ፤ ይሁን እንጂ ኃይሉ በአገር አቀፉ መስመር ሲፈስ የገጠሩ ጎጆ በኩራዝ ያመሽ ነበር።

ትከሻ ላይ የሚቀመጠው የቪ.ኤች.ኤስ. ካሜራ ለሠርግ ቀረጻ በተለመደ ጊዜ ስንቁ አንድ ኪሎ ገደማ የሚመዝን የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ሆነ፤ 12 ቮልት በ2.3 አምፔር ሰዓት ሲባዛ 27 ዋት ሰዓት ከጥቂት ስለሚሆን፣ 10 ዋት ለሚበላ ካሜራ ከሦስት ሰዓት በታች ነው፤ ሠርግ ግን ውሎ የሚያድር ነው። ስለዚህ ቀራጭ በገመድ ወደ መኪና ባትሪ ቢዞር ቮልቱ ይስማማዋል፤ ነገር ግን ያ ባትሪ ለማስነሻ የተሠራ በመሆኑ፣ ደጋግሞ እስከ መጨረሻው ሲሟጠጥ ዝርግ እርሳሶቹ ይበላሻሉ።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ልማዱ ነው። የኒኬሉን ባትሪ አሟጦ መሙላት እንደ ሥርዓት ይቆጠር ነበር፤ የእርሳሱ ግን ባዶውን ከሰነበተ ይሞታል፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ሶኒ ለገበያ ያቀረበው የሊቲየም ባትሪም መሟጠጥን ይጠላል። ሰው ግን የአሮጌውን ሥርዓት ለአዲሱ ያወርሳል፤ ዛሬም «እስኪጠፋ ተጠቀም፣ ከዚያ ሙላው» የሚል መካሪ አይታጣም።

ዛሬ ባትሪ የሚመርጥ ሰው በላዩ የተጻፈውን ትልቅ ቁጥር ትቶ ዋት ሰዓቱን ይመልከት። 20,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚባለው ፓወር ባንክ የሚቆጠረው በውስጡ ባለው 3.7 ቮልት ስለ ሆነ 74 ዋት ሰዓት ነው፤ ለዚያው 10 ዋት ለሚበላ ካሜራ በስሌት ከሰባት ሰዓት ቢያልፍም፣ ቮልቱ ሲለወጥ የሚባክነው ተቀንሶ ስድስት ሰዓት ብሎ ማቀድ ይሻላል። ለዘመዱ ሠርግ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሰውም፣ ከ100 ዋት ሰዓት በላይ የሆነውን ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ ይዞ መሳፈር ስለማይቻል፣ ከአንድ ትልቅ ሁለት መካከለኛ ይያዝ፤ አንዱ በጎረቤት ጀነሬተር ሲሞላ ሌላው ይሠራለታል።