ኢዛዋ ኖ ሚያ

ኢዛዋ ኖ ሚያ በጃፓን ሚዬ ግዛት፣ ሺማ ከተማ ውስጥ ኢሶቤ በሚባለው አካባቢ የሚገኝ የሺንቶ ቤተ መቅደስ ነው። የታላቁ የኢሴ መቅደስ ቅርንጫፍ ሲሆን የሚከበርበትም የፀሐይ አምላክ የሆነችው አማተራሱ ናት። ወደ ኢሴ ከሚጎርፈው ሕዝብ እስከዚህ የሚዘልቀው ጥቂቱ ቢሆንም፣ የሩዝ ተከላ በዓሉ ከኦሳካው ሱሚዮሺ እና ከቺባው ካቶሪ በዓላት ጋር ከጃፓን ሦስት ታላላቆች አንዱ ተብሎ ይቆጠራል።

አፈ ታሪክ

ልዕልት ያማቶሂሜ በአካባቢው ሳለች አንዲት ሽመላ መሰል ወፍ ሌት ተቀን ስትጮኽ ሰማች ይባላል። የላከችው ሰው በሸምበቆ መካከል ከአንድ ሥር የበቀለ፣ ዛላው ግን እጅግ የበዛ ሩዝ አገኘ፤ ሩዙም ለአማተራሱ ቀረበ። ወፏ ኦቶሺ በተባለ የእህል አምላክ ስም በአቅራቢያው ባለ ትንሽ መቅደስ ትከበራለች።

በዓሉ

በዓሉ በየዓመቱ ሰኔ 17 ቀን (በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ጁን 24) ከመቅደሱ አጠገብ ባለው ማሳ ይከናወናል። አስቀድሞ ትልቅ ማራገቢያ የታሰረበት ረጅም ቀርከሃ ማሳው ውስጥ ይጣላል፤ ወገባቸውን ብቻ የሸፈኑ ወንዶች ጭቃው ውስጥ ገብተው ይሻሙበታል። የቀርከሃውን ስባሪ የሚወስዱት በአብዛኛው ዓሣ አጥማጆች ናቸው፤ ጀልባቸው ላይ ያስቀምጡታል፣ ከባሕር አደጋ ይጠብቃል ብለው ያምናሉና። ትንፋሻቸውን ይዘው የሚጠልቁት የአካባቢው ሴቶችም ከዚሁ መቅደስ ክታብ ይወስዳሉ። የእርሻ መቅደስ የባሕርተኞችም መሆኑ እዚህ የሚያስገርም አይደለም፤ ሺማ እርሻና ባሕር ተጠጋግተው የሚገኙበት ምድር ነው። ከሽሚያው በኋላ የክብር ልብስ የለበሱ ሴቶች በከበሮና በዜማ ታጅበው ችግኙን ይተክላሉ። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ1990 የጃፓን መንግሥት ጠቃሚ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል።

ውዝግብ

በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኢዛዋ ካህናት በጦርነት ዘመን የተነጠቁትን መሬት ለማስመለስ ሲጥሩ፣ መቅደሳቸው ከኢሴ የሚቀድም መሆኑን ይከራከሩ ነበር። ታይሴይክዮ የተባለ፣ ጥንታዊ ነው የተባለለት መጽሐፍም ይህንኑ ደገፈ። የኢሴ ካህናት አቤቱታ ካቀረቡ በኋላ የሾጉኑ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1681 መጽሐፉን ሐሰተኛ ነው ብሎ አገደው።

ጉብኝት

ከካሚኖጎ ባቡር ጣቢያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ያስኬዳል። ጎብኚ ከእንጨቱ በር ፊት ጎንበስ ይላል፣ እጁንና አፉን በውኃ ያነጻል፤ ከዚያም ሁለት ጊዜ ሰግዶ፣ ሁለት ጊዜ አጨብጭቦ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ይሰግዳል። ቀለም ያልተቀባው የሣር ክዳን ሕንፃ በአጥር የተከለለ ነው። በስተጎኑ ያለው ባዶ ቦታ የተረሳ አይደለም፤ መቅደሱ በየ20 ዓመቱ እንደ አዲስ የሚሠራው ከሁለቱ ቦታዎች በአንዱ እየተፈራረቀ ነው።